ለፈረንጅ ያሠራሁት ቤት

ውጭ አገር ለመኖር ፓስፖርት ያስፈልጋል ያለው ማን ነው? እኔ ፓስፖርት በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ነገር ግን ውጭ አገር ኖሬ ተመልሻለሁ። የኔ ውጭ አገር ከጅግጅጋ ተነስታችሁ የአውበሬን መንገድ ከያዛችሁ በኋላ፣ አውበሬንም አለፍ ብላችሁ፣ ሾፌሩ «መንገዱ እዚህ ጋ ነበር እኮ» እያለ አንገቱን በመስኮት ማውጣት ሲጀምር የምትገኝ መንደር ናት። ስሟን አልጠራም። ከእናንተ መካከል ሄዶ የሚያጣራ አይጠፋም፤ እዚያ ደግሞ ስለ እኔ የሚነግሯችሁ እኔ ከምነግራችሁ ይበልጣል።

ሰው ውጭ አገር መሆኑን በምን ያውቃል? በቋንቋው እንዳትሉኝ። እኔ ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ሶማሊኛን ከአማርኛ እኩል የምናገር ሰው ነኝ። ሰው ውጭ አገር መሆኑን የሚያውቀው ቤቱ ሳለ ሳያስብ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ሐሳብ ሲጠይቀው ነው። ውሃ መጠጣት ሐሳብ ይጠይቃል፤ መንደሯ የምትጠጣው ቢርካ ከሚባል፣ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው። እንደኔ ያለ የቧንቧ ልጅ ባልዲውን በገመድ ሲስብ፣ ባልዲው መልሶ እሱን ይስበዋል። (ጅግጅጋ ያለው ቧንቧችን ውሃ ይመጣበታል ማለቴ አይደለም። ቧንቧ አለን ማለቴ ነው።) ስልክ መደወልም ሐሳብ ይጠይቃል፤ ኔትወርክ ያለው ከመንደሩ ጀርባ ባለ የምስጥ ኩይሳ አናት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከሚስቴ ጋር የማወራው እንደ ሰባኪ ከፍ ብዬ ቆሜ፣ ፍየሎች ቀና ብለው እያዩኝ ነበር። ስሜ እንኳ አልተረፈም። ሶማሌ ቅጽል ስም ሲያወጣ አያዳላም፤ በመጀመሪያው ቀን «ቢዳር» አሉኝ፣ መላጣው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አባቴ ባወጣልኝ ስም የጠራኝ የለም።

ይህ ሁሉ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኮሮና አልፎ ሰው እንደገና መጨባበጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። እዚያ የወሰደኝ ሥራ ነበር። ሄንሪክ የሚባል ፈረንጅ ቢርካዎች ለምን እንደሚሰነጠቁ ሊያጠና መጣ፤ እኔ አስተርጓሚው ሆንኩ። ሄንሪክ ከበር ጋር የሚጣላ ረጅም ሰው ነው። ሲበዛ ደግ ነው። ችግሩ አንድ እምነት ነበረው፤ «ከሕዝቡ ጋር፣ እንደ ሕዝቡ መኖር» የሚል። ሕዝቡ ራሱ እንደ ሄንሪክ ለመኖር ቀን ከሌት እንደሚመኝ የነገረው አልነበረም። መንገር የኔ ሥራ ነበር፤ ግን እኔ የምተረጉመው የተባለውን እንጂ ያልተባለውን አይደለም።

በዚህ እምነቱ መሠረት በደረስንበት ሳምንት የቀረበለትን የግመል ወተት፣ አንድ ቅል ሙሉ፣ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝርም። ኩይሳው ላይ ቆሜ ስደውል ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ሲሮጥ አየው ነበር፤ ያየነው ደግሞ እኔና ፍየሎቹ ብቻ አልነበርንም፣ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። እኔ በሃይማኖቴ የግመል ወተት ስለማልጠጣ ተረፍኩ። ሃይማኖት ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለአንጀትም እንደሚጠቅም የተረዳሁት ያኔ ነው።

የምንኖረው በቆርቆሮ ቤት ነበር። ቀን ቀን ይጋግረናል፣ ዝናብ ሲመጣ ያደነቁረናል፤ ቢሆንም ቤት ነው፣ በር አለው፣ ቁልፍ አለው። ሄንሪክ ግን አንድ ቀን ከመንደሩ ዳር የቆመ አቃል አየ። አቃል ማለት የተቀለሰ እንጨት ተተክሎ በሣር ምንጣፍ የሚሸፈን፣ ሲፈለግ ተነቅሎ በግመል ተጭኖ የሚሄድ ክብ ቤት ነው። የመንደሩ ሰው ከአቃል ወጥቶ ቆርቆሮ ለመግባት ስንት ዓመት ይለፋል! ሄንሪክ ከቆርቆሮው ወጥቶ አቃል ካልገባሁ አለ። እንደ ሕዝቡ መኖር ነዋ! «አንዱን አሠራልኝ» አለኝ። እሺ አልኩ። አስተርጓሚ እሺ ካላለ ምን ይበላል?

አቃል የሚሠሩት ሴቶች እንደሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ በዚህ ሥራ ወደሚታወቁት ወደ ኤዶ ሃሊማ ሄድኩ። ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው፤ መንደሩ በሙሉ ኤዶ የሚላቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ናቸው። ደጃቸው ተቀምጠው ምንጣፍ ይጎነጉናሉ። አቃል ፈልጌ ነበር አልኳቸው። እጃቸው ቆመ። «ለማን?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ለሄንሪክ ነው ብላቸው፣ ከወተቱ ሳቅ ገና ያልወጣ መንደር ሌላ ሳቅ ሊጨምር ነው ብዬ አሰብኩ። አለቃዬን መሸፈን አለብኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ የኔው ጉዳይ ነው፣ ብቻ ያማረ ይሁን፣ ቶሎም ይድረስልኝ አልኳቸው። ኤዶ ሃሊማ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ በተለይ ራሴን፣ አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ እናት የላትም እንዴ አሉኝ። ማን? አቃሏ? ነገሩ አልገባኝም። ያልገባኝን ነገር ሁሉ እንደማደርገው ሳቅ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሴትዮዋ በሐዘኔታ ከንፈራቸውን መጠጡና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ አይዞህ፣ እኛ እያለን ምንም አይጎድልባትም አሉኝ።

በነጋታው ሥራው ተጀመረ። ወይ ሥራ! የሴት ዓይነት ወጣ። አንዷ እንጨት ትቀልሳለች፣ ሌላዋ ምንጣፍ ታመጣለች፣ አንዷ ለራሷ ልጅ ያስቀመጠችውን ጌጠኛ ምንጣፍ ሳይቀር ተሸክማ መጣች። ይዘፍናሉ፣ ያጨበጭባሉ። ዋጋ እንነጋገር ስላቸው እንደ ሰደብኳቸው ሁሉ ዞር አሉ። ሄንሪክ በደስታ ሊያለቅስ ደረሰ። ለዘመናት በስብሰባ ሲሰማው የኖረውን የኅብረተሰብ ተሳትፎ በዓይኑ አየ። ይህን ሁሉ እንዴት አሳመንካቸው አለኝ። እኔም አላፈርኩም፤ አቀራረብ ይጠይቃል አልኩት።

ምልክት አልነበረም አልልም። የመንደሩ ሽማግሌ ሃጂ ኡመር እጄን ሲጨብጡኝ መልቀቅ ይረሱ ጀመር። ሩዝ ሳህኔ ላይ ይከመራል፤ ብላ፣ ከስተሃል ይሉኛል። አንድ ጎረምሳ ሳልጠይቀው ሽቶ ረጨብኝና ሮጠ። ሄንሪክን ደግሞ ባየሁት ቁጥር ሽማግሌዎች መሐል አስቀምጠውታል፤ ረጅም ነው፣ አይናገርም፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚህ በላይ የወንድ ወገን ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ይህን ሁሉ ሳይ የሰው ፍቅር እንዳገኘሁ ነበር የማምነው። ሰው ስለራሱ መልካም ነገር ሲሆን ማስረጃ አይጠይቅም።

አሁን ሚስቴን ላስተዋውቃችሁ። ወይንሸት ትባላለች። ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። እሷም የዚያው ከተማ ልጅ ናት፤ ስንጋባ እናቷ አርፈው ስለነበር ሰርጓን ጎረቤት ነው የደገሰላት፤ ይህን ነገር አንስታ አታወራም፣ እኔም አላነሳባትም። ትዳራችን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስንጣላ የምንጣላው በአንድ ነገር ነው፤ ቤቱን አባቴ ስላወረሰኝ፣ ነገር ሲያልቅብኝ «በገዛ ቤቴ!» እላለሁ። ይህቺን ቃል ባልኩ ቁጥር ጸጥ ትላለች። ዝም ማለቷን እንደ ማሸነፍ እቆጥረው ነበር።

ታዲያ ከመንደራችን በየማለዳው ጅግጅጋ ወተት የሚያወርዱ ሴቶች አሉ። ሶማሌ ሲገናኝ ሰላምታው ወሬ ስጠኝ ነው። ከየት መጣህ፣ ዝናብ አለ ወይ፣ ማን ወለደ፣ ማን አገባ? የተጠየቀው ሁሉንም ይናገራል፤ መደበቅ ነውር ነው። ሴቶቹ ወተቱን ሲያወርዱ ወሬውንም አብረው አወረዱ። ዜናው የወይንሸት ሱቅ ሲደርስ ወተቱ ገና አልተሸጠም ነበር።

እኔ ይህን አላውቅም። ኩይሳዬ ላይ ወጥቼ ደወልኩ። አነሳች። ሰላምታ የለም፣ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። የሄንሪክ ሥራ ሊራዘም ነው ተብሎ ስለነበር፣ ከቢሮ ሰምታ ነው ብዬ፣ አሜን፣ ለአንቺም ይተርፋል አልኳት። ዝም አለች። ኔትወርኩ እየሄደ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ቤቱም እያለቀ ነው፣ እንዴት ያምራል መሰለሽ፣ መጥተሽ ብታዪው ደስ ይልሻል አልኳት። «እመጣለሁ» አለችና ስልኩ ተዘጋ። በኔትወርኩ አመካኘሁ።

ከኩይሳው ስወርድ ሃጂ ኡመር ከታች ቆመው ይጠብቁኛል። በስልክ ስጮህ ሰምተዋል፤ መንደሩም ሰምቷል። ልጅቷን ማነጋገርህ ነው አሉኝ በፈገግታ። የቷን ልጅ? «ሙሽራዋን ነዋ! ነገ ትደርሳለች?» ሲሉኝ እዚያው የምስጥ አፈር ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። አቃል የሚሠራው ለምትዳር ልጅ ነው። እናቷና ዘመዶቿ ይጎነጉኑላታል፣ በሰርጓ ይተክሉላታል፣ ቤቱም እስከ ዕለተ ሞቷ የእሷ ነው። ወንዱ ይገባበታል እንጂ አያሠራውም፤ የኔ ነውም አይልም። ታዲያ አንድ መላጣ ሰው ተነስቶ የሴት ዘመድ ሳይልክ ራሱ አቃል አሠሩልኝ ሲል፣ ምን ማለት ነው? ሊያገባት ያሰባት ልጅ ቤት የሚሠራላት እናት የላትም ማለት ነው። ኤዶ ሃሊማ ይህን ለሴቶቹ ሲነግሩ ያላለቀሰች የለም። ጌጠኛው ምንጣፍ የመጣው፣ ዋጋ የተጠላው ለዚህ ነበር። ሃጂ ኡመር ሲጨርሱ፣ ሃይማኖታችን ውስጥ ስትገባ ደግሞ ስም እኔ አወጣልሃለሁ ብለው እጄን ያዙኝ። አሁንም አልለቀቁም።

ፈራሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ወይንሸትን ለአንቺም ይተርፋል ብያታለሁ! ሰርጌን መጥታ እንድታይ ጋብዣታለሁ! ኩይሳው ላይ ተመልሼ ወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። በእግር ጣቴ ቆምኩ፤ የለም። መኪናችን ነዳጅ ሊሰለፍ ሄዷል፤ የነዳጅ ሰልፍ ደግሞ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ወደ ኤዶ ሃሊማ ሮጥኩና ሁሉንም አፈረጥኩት፤ ቤቱ የፈረንጁ ነው፣ እኔ ሚስት አለኝ፣ ሙሽራ የሚባል ነገር የለም። ሴትዮዋ በጽሞና ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ፈረንጁ ማንን ሊያገባ ነው?» ማንንም አልኳቸው። «ሚስት የሌለችው ሰው አቃል ምን ያደርግለታል?» ይህን ሄንሪክ ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። ኤዶ ሃሊማ ከዚያ በኋላ ያዩኝ ሰርጉ ሲደርስ ልቡ እንደራደ ወንድ ነው። ብዙ አይተዋል መሰለኝ፣ ውሃ አጠጡኝ።

በነጋታው እንግዳው ከየአካባቢው ይጎርፍ ጀመር። ፍየል ታስሯል፣ ድስት ተጥዷል። ሄንሪክ ሽርጥ አገልድሞ ዕቃውን ከቆርቆሮው ወደ አቃሉ ያግዛል፤ እንደ ሕዝቡ ሊኖር ነው። በዚህ መሐል ወተት አውርዳ የምትመለሰው መኪና ከሩቅ አቧራዋን አስነሳች። ቆመች። ከጋቢና ወይንሸት ወረደች።

ስለ ወይንሸት አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ ለጸብ ስትሄድ እንደ ሰርግ ነው የምትለብሰው። ከሱቋ ውድ የሚባለውን ድሪያ ቀሚስ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለውን፣ ለብሳለች። ዓይኗን ተኩላለች። በእጇ ትልቅ ሻንጣ ይዛለች። እኔን ለማግኘት ዙሪያዋን ስታይ ከሴቶቹ አንዷ አየቻት፤ እልልታውን አቀለጠችው። ከዚያ ሁሉም። ወይንሸት አፏን ልትከፍት ስትል እልልታ፣ ልትቆጣ ስትል ጭብጨባ። ሻንጣዋን ተቀበሏት፣ ክንዷን ያዟት፤ እኔን እንደ ጥላ አልፈው ወደ አቃሉ ይዘዋት ገቡ። ስታልፈኝ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ውጭ ቀረሁ። የሣር ምንጣፍ ግድግዳ ደግሞ ድምፅ ያሳልፋል እንጂ ትርጉም አያሳልፍም፤ ሃያ ሴት አንድ ላይ ሲያወራ ማን ምን እንዳለ በምን ይለያል? መጀመሪያ የወይንሸት ድምፅ ብቻ ተሰማ፣ ከፍ ብሎ። ትዳሬ አለቀ አልኩ። ከዚያ የኤዶ ሃሊማ ድምፅ፣ ዝግ ያለ፣ ረጅም። ከዚያ ልቅሶ ሰማሁ። ወይንሸት ናት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እንዲህ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ፈረንጅም ቢርካም ገደል ይግባ፣ ይህቺን ሴት ማን አስለቅስ አለኝ አልኩ።

ኤዶ ሃሊማ ብቅ አሉ። ከንፈራቸው ላይ ሳቅ፣ ዓይናቸው ላይ እንባ ነበር። ሚስትህ ናት እንዴ አሉኝ። ናት አልኩ። «እናቷ ሞተውባታል?» ሞተውባታል አልኩ። «ቤት አላት?» ጅግጅጋ ቤት አለን አልኳቸው። «እኔ የጠየቅሁህ እሷን ነው» አሉኝ። ቤቱ… የአባቴ ነው፣ ማለት የኔ ነው፣ ማለትም አብረን ነው የምንኖረው… እንዲህ እያልኩ ስንተባተብ ከምንጣፉ ወዲያ ሃያ ሴት ባንድ ላይ በነቀፌታ ምላሱን አጮኸ። ኤዶ ሃሊማ ወደ ሃጂ ኡመር ዞረው ጉዳዩን በአጭሩ አስረዱ፤ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፣ እናት የሌላት ሙሽራ አለች፣ ባሏ ብቻ አዘግይቶታል።

ሃጂ ኡመር ጺማቸውን ዳበሱ። ስም ሊያወጡልኝ የነበረው ተስፋ እንደጠፋ ገብቷቸዋል፤ ግን ትልቅ ሰው ናቸው። ትዳሩ አለ፣ የጎደለው ቤቱ ነበር፣ እሱም ዛሬ ተሟላ ብለው ፍየሉ እንዲታረድ አዘዙ። ሰርጉ ቀጠለ። እኔና ወይንሸት ሥጋውን ለባለቤቶቹ ትተን በሩዝና በፓስታ ተደገሰልን። ሻንጣዋ የሙሽራ ጥሎሽ መስሏቸው በአደባባይ ከፈቱት፤ ውስጡ ያለው የኔ ሸሚዝ፣ የኔ ሱሪ፣ የኔ ካልሲ ነበር፣ ሁሉም ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ። ሴቶቹን ነገሩ ግራ ገባቸው። ለኔ ግን ገባኝ። የምትሄድ ከሆነ ንጹህ ሆነህ ሂድ ብላ ይዛልኝ መምጣቷ ነበር። ያንን የካልሲ እጥፋት ሳይ አፈርኩ፤ ፊቴን ወደ ግመሎቹ አዞርኩ።

የሄንሪክ ነገርስ? ሄንሪክ አልጋውን፣ አጎበሩንና የፀሐይ መብራቱን አንድ በአንድ ከአቃሉ ሲያወጡበት በየተራ መልሶ ሊያስገባ ይሞክር ነበር። ይህ የማን ቤት ነው፣ ምን እየሆነ ነው እያለ ይጮኻል። የሚነግረው አልነበረም፤ አስተርጓሚው እያገባ ነበር። በመጨረሻ የሙሽራው ሽማግሌ ነህና ብለው ትልቁን ሥጋ አስጨበጡት፤ እሱም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ያን ዕለት እንደ ሕዝቡ ቆርቆሮ ቤት አደረ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል እንግዳው ተበተነ። ወይንሸት ከውስጥ ናት፣ ቤቷ ውስጥ። እኔ ጎንበስ ብዬ ልገባ ስል ኤዶ ሃሊማ ከኋላዬ ልብሴን ያዙኝ። ሴት ቤት ዝም ተብሎ አይገባም አሉኝ፤ ከውጭ ቆመህ «ሆዲ» በል፣ ግባ ስትልህ ትገባለህ። ከአሥር ዓመት በላይ «በገዛ ቤቴ» እያልኩ በሩን በእግሬ ከፍቼ ስገባ የኖርኩ ሰውዬ፣ መንደር እያየኝ፣ አንድ ስስ የሣር ምንጣፍ ፊት እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

«ሆዲ» አልኩ።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ደገምኩት።

«ሰምቻለሁ» አለች ወይንሸት፣ «ቆይ፣ ገና እያሰብኩበት ነው።»